ማብሪያ ማጥፊያው የት ይሁን?

ሰኔ 8፣ ማክሰኞ

እጄ ላይ ጠመኔ። የክፍል አይደለም፣ የግድግዳ። ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ጅምሩ ቤታችን ሄድኩ። ከማል እየጠበቀኝ ነበር። ሶኬት የት፣ አምፖል የት፣ ማብሪያ ማጥፊያ የት? አሁን ካልተነገረው ለሳኞቹ ገብተው ይደፍኑበታል። ከዚያ በኋላ ግድግዳ መቦርቦር የለም አለኝ። ልክ ነው። የሽቦው ቱቦ ብሎኬት ውስጥ ከተቀበረ ተቀበረ።

ደብተሬ፣ ከማል ማለት ኤሌክትሪክ የሚዘረጋልን ልጅ ነው። የእንሴኖ ልጅ፣ እዚሁ ቡታጅራ ቤት ተከራይቶ የሚኖር። ቀልደኛ። እኔን «ቲቸር» ይለኛል፣ ባለቤቴን «ጋሼ ሳህሌ»።

ሳህሌ ከእኔ ቀድሞ ምልክት አድርጓል። ከብየዳ ቤቱ ባመጣው ቀይ ቀለም። የዓለም ዋንጫ ከጀመረ ወዲህ ሰውየው ሌላ ነገር አይታየውም፦ ሳሎኑ ውስጥ ሦስቱም ግድግዳ ላይ «ቲቪ» ብሎ ጽፏል። ቲቪው አንድ ነው። እሱም ገና አልተገዛም። በሳቅ ሞትኩ።

እኔ የማስበው ስለ አንዲት ክፍል ነው። ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለችው፣ ጠዋት ፀሐይ የምታገኘው። የምሕረት ክፍል። ልጄ ስምንተኛን ጨርሳ በወሩ መጨረሻ ከአዳሪ ት/ቤት ትመጣለች። ለእረፍት አይደለም፣ ለመቅረት። መስማት ያቆመችው በሦስት ዓመቷ ነው፣ ማጅራት ገትር ታማ። ፊደል እንኳ ሳትለይ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወደሚማሩበት ወሰድኳት። በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ ነው የማገኛት። ይበቃል። ዘጠነኛን እዚህ ትማራለች። እኔ የማስተምረው ጠዋት፣ የእሷ ፈረቃ ከሰዓት። አጠገቧ ተቀምጬ መምህሩ ያለውን በእጄ እነግራታለሁ። ር/መምህሩን አናግሬያለሁ፣ አልጠላውም።

ብቻ ቤቱ ይድረስ።


ሰኔ 11፣ ዓርብ

ወሰንኩ። የምሕረት ክፍል ማብሪያ ማጥፊያ ከበሩ ውጪ ይሆናል። ኮሪደሩ ላይ።

ከማል ሳቀብኝ። ከውጪ የሚደረገው እኮ የመታጠቢያ ቤት ነው ቲቸር አለኝ። አስረዳሁት። ልጄ አትሰማም። በር ባንኳኳ፣ ስሟን ብጠራ ለውጥ የለውም። ኮሪደር ላይ ቆሜ መብራቷን ብልጭ ድርግም ሳደርግ ግን ቀና ትላለች። እናቷ እንደፈለገቻት ታውቃለች።

ሳቁ ጠፋ። ሜትሩን ዘረጋ፣ ጠቀለለ። ዕድሜዋን ጠየቀኝ። በእጅ ማውራቱን ማን እንዳስተማራት ጠየቀኝ። ት/ቤቱ አልኩት። እርስዎንስ? አለ። እሷው ናት ያስተማረችኝ፣ በየእረፍቱ፣ ትንሽ በትንሽ። ሌላ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ ተወው። ጠመኔውን ተቀብሎኝ ከበሩ ውጪ ክብ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀለለኝ። ቤቱን በእጅ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አምፖል ከሚያወራ ሰው ጀርባ ከሆነ ፊቱ ይጨልማል፣ እጁ ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ሳሎን መሃል አንድ መብራት ሳይሆን ግራና ቀኝ ሁለት። ኮሪደሩም ጨለማ እንዳይሆን፣ እየሄዱ ማውራት እንዲቻል። በረንዳውም።

ከማል ብዙ አምፖል ነው የሆነው አለ። ይሁን አልኩት። ሰው ቤት ሲሠራ የሚያወራበትን አይደል የሚሠራው?


ሰኔ 16፣ ረቡዕ

ከሳህሌ ጋር ተኳረፍን።

በሳሎኑና በኪችኑ መካከል ያለው ግድግዳ ገና ወገብ ላይ ነው። እዚያው ይቁም አልኩ። እሱ እስከ ኮርኒሱ ይሂድ ይላል። «እንግዳ ድስት እያየ ይበላል እንዴ?» ብሎ ጮኸ፣ ሠራተኞቹ ፊት። እኔ ደግሞ ኪችን ሆኜ ልጄ ሳሎን ከሆነች፣ ያ ግድግዳ አፍ መዝጋት ነው አልኩት። ሌላ ቤተሰብ ከክፍል ክፍል ይጣራል። እኛ መተያየት አለብን።

እናንተ መተያየት አለባችሁ አለኝ። እናንተ። እኔና ምሕረት ማለቱ ነው። ሰማሁት። እሱም የሰማው መሰለኝ፣ ቀለሙን አንስቶ ወጣ።

ሳህሌ ክፉ አይደለም። ሲያመጣት ሲወስዳት፣ ጫማዋን ሲገዛ፣ ፍራሿን ተሸክሞ ሲሄድ እሱ ነው። ግን ከልጁ ጋር ያለው ቃል በጣት ይቆጠራል፦ ብዪ፣ ነዪ፣ ተኚ፣ ጎበዝ። ከዚያ ያለፈውን ከእኔ ነው የሚጠይቀው። ምን አለች? ምን ፈለገች? ቀኑን ሙሉ ብረት እየሞረደ የሚያጓራ ማሽን አጠገብ ውሎ ይመጣል፣ ማታ ዝምታ ይወዳል። እሷ ደግሞ ዝም ያለች ይመስለዋል።

ስለ ፊቱ ክፍል አልተጣላንም። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ለሱቅ ትከራያለች፣ የራሷ ቆጣሪ ይገባላታል። በዚህ ተስማምተናል። የሚገርመው በዚህ ብቻ ነው የተስማማነው።


ሰኔ 24፣ ሐሙስ

መጣች! መጣችልኝ!

መናኸሪያ ዝናብ። ከሆሳዕና መስመር የመጣው አውቶቡስ ጭቃ ለብሶ። ከመስኮቱ መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው፣ ገና አውቶቡሱ ሳይቆም ታወራኛለች። ረዝማለች። ትከሻዬን አልፋለች። ሳህሌ ሻንጣዋን ነጠቃት፣ ጎበዝ አላት በአውራ ጣቱ። አቀፈችው።

በተከራየናት ቤት ሦስታችን አንድ ክፍል ውስጥ። እራት ላይ አላቆመችም። ስለ ፈተናው፣ ስለ ጓደኞቿ፣ አንዷ ከአጥር ዘላ እግሯ ወለም እንዳላት። እጇ ከመፍጠኑ የተነሳ ግማሹ ያመልጠኛል። ቀስ በይ እላታለሁ። ትስቃለች፣ ቀስ ትላለች፣ ትረሳና ትፈጥናለች።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ።

ከአፏ ላይ እንደ መንጠቅ። ድቅድቅ አለ። እጇ አየር ላይ እንደቀረ አውቃለሁ፣ አይታየኝም ግን። ክብሪት ስፈልግ ትንሽ ብርሃን ቦግ አለ። ሳህሌ ነው። የሞባይሉን ባትሪ አብርቶ እጇ ላይ ደቀነው። እሷም ካቆመችበት ቀጠለች። ታሪኩ ረጅም ነበር። አንድም ቃል አልገባውም፣ አውቃለሁ። ግን እጁ እስኪዝል ያዘላት። ሲደክመው በሌላኛው እጁ።

ደብተሬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ቤቱን አሳያታለሁ። የማብሪያ ማጥፊያውን ነገር አልነገርኳትም። እዚያው ትየው።


ሰኔ 26፣ ቅዳሜ

አልሆነም።

እየዘለለች ነው የገባችው። ክፍሏን ወደደችው። መስኮቱን ወደደችው። አልጋ የት እንደሚሆን፣ ጠረጴዛ የት፣ ሶኬት ከጠረጴዛው በላይ እንጂ በታች እንዳይሆን፣ ሁሉን ተናገረች። ከማል እየተከተለ በጠመኔ ያሠምራል። ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን ፈለገች። በበሩ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። እጇን ይዤ ኮሪደር አወጣኋትና ክቡን አሳየኋት። ለምን እንደሆነ ነገርኳት። ኩራት ፊቴ ላይ ሳይኖር አይቀርም።

ፊቷ ተለወጠ።

ማደሪያቸው ውስጥ ማጥፊያው ከውጪ ነበር። ሞግዚቷ ሰዓቱ ሲደርስ ከኮሪደር ትጫነዋለች። በቃ። ማን ምን እያለ እንደነበር ሳታይ። ያለቀሰችም ትኑር፣ ያልጨረሰችም ትኑር። ሁሉም በጨለማ አልጋዋ ላይ እጇን ታቅፋ ትተኛለች። ይህን ሁሉ ዓመት አልነገረችኝም። ዛሬ ነገረችኝ። እንዲህ አለች፦ «እናንተ ስታወሩ አፋችሁን ከውጪ የሚያጠፋው ማን ነው?»

እኔ እኮ ልጠራሽ ነው፣ ላጠፋብሽ አይደለም አልኳት። ያው ነው አለች። ጣት ያለው ሁሉ ይጫነዋል።

ዝናቡ ውስጥ ወጥታ ሄደች። ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። ከማል የጠፋበት ነገር ሳይኖር መሣሪያ ሳጥኑን ያገላብጣል። ከሁሉ የከፋው ልክ መሆኗ ነው። አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር፣ ማጥፊያው የት ይሁን ብዬ።


ሰኔ 27፣ እሁድ

ቤ/ክ ደርሰን መጣን። ስብከቱን ጭኔ ላይ በእጄ ስነግራት ከፊት ያሉት ዞረው ያያሉ። ተይው አለችኝ፣ ደክሞሻል፣ ግማሹን እየዘለልሽው ነው። እውነቷን ነው፣ እየዘለልኩ ነበር።

ምሳ ላይ ተናገረች። ያሰበችበት ነገር ነው፣ ከመምጣቷ በፊትም። ዘጠነኛን አ.አ. መማር ትፈልጋለች። እዚያ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ያሉበት፣ መምህሩም በእጁ የሚያስተምርበት ክፍል አለ። ጓደኞቿ የሚሄዱት እዚያ ነው። ከአክስቷ ከወይንሸት ጋር ትኖራለች።

እኔስ አጠገብሽ ተቀምጬ? አልኳት።

አንቺ እናቴ ነሽ አለች፤ መምህሩ ምን እንዳለ ከእናቴ እጅ ብቻ እየሰማሁ ልደግ?

ይህ ሁሉ መብራት ላንቺ ነው አልኳት። መልሷን እጽፈዋለሁ፣ እንዳልረሳው፦ «ቤቱ ብርሃን አለው። የማወራው ሰው ግን የለም።»

ሳህሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። ምን አለች? ብሎ ጠየቀኝ። ሁልጊዜ አሳጥሬ ነው የምነግረው። ዛሬ አላሳጠርኩም። አንድ በአንድ ነገርኩት። ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። እሁድ ነው፣ ብየዳ ቤቱ ዝግ ነው። ግን እዚያው ሄደ።


ሐምሌ 1፣ ሐሙስ

ውጤት ሞልተን አስረከብን። ከሰዓት ነፃ ሆንኩ። ቤት ስመጣ ማንም የለም። ጎረቤታችን አባትና ልጅ አብረው ወጡ አለችኝ። ወደ ጅምሩ ቤት ሄድኩ።

ሳሎኑ ውስጥ ናቸው። ድምፅ የለም። የጠመኔ ድምፅ ብቻ። እሱ በሰሜኑ ግድግዳ፣ እሷ በምሥራቁ። ብሎኬቱ በጽሑፍ ተሞልቷል።

ይጻጻፋሉ!

ሳህሌ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመው፤ ጽሑፉ ትልልቅ፣ እንደ በር ታፔላ። የእሷ ትናንሽ፣ አረፍተ ነገሩ እጥር ምጥን ያለ። አላዩኝም። ቆሜ ከመጀመሪያው አነበብኩ።

እሱ፦ ቲቪ የት ይሁን?
እሷ፦ መጀመሪያ ሰው። ሰው የት ይቀመጣል? ከዚያ ቲቪ።
እሱ፦ ኳስስ?
እሷ፦ ኳስ ጆሮ አይፈልግም። አብረን እናያለን።
እሱ፦ ግድግዳው እስከ ላይ ይሂድ?
እሷ፦ አይ። እናት ወጥ ስትሠራ ምን እንደምታማ ማየት እፈልጋለሁ።

እዚህ ላይ ሳቅኩ። ከዚያ በታች ግን እንዲህ ይላል።

እሱ፦ አዲስ አበባ ለምን?
እሷ፦ የሚያናግረኝ አለ።
እሱ፦ እኔስ?
እሷ፦ አንተ የምታናግረው ብረት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የእሱ ተራ ነበር። ጽፎ ነበር። በመዳፉ አጥፍቶታል፣ ነጭ ደመና ብቻ ቀርቷል። ምን ጽፎ እንደነበር ጠየቅኩት። ፊደል ተሳስቼ ነው አለኝ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ። ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ባዶውን። ብየዳ የቆራረጠው፣ ወፍራም እጅ። አስተምሪኝ ማለቱ ነው። ምሕረት ወደ እኔ አየች፣ እንዳስረዳት መሰለኝ። አላስረዳኋትም። ይገባታል።


ሐምሌ 5፣ ሰኞ

የምሕረት ክፍል ተወሰነ። የወሰነችው እሷ፣ የሠራው ከማል።

ማብሪያ ማጥፊያው ከውስጥ፣ ከአልጋዋ አጠገብ። ማንም አይነካውም። ከበሩ ውጪ የደወል ቁልፍ ይሆናል፦ ሲጫኑት ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች፣ ሲለቁት ትጠፋለች። ማንኳኳት ነው እንጂ መጥራት አይደለም አለች። ማንኳኳት የፈለገ ያንኳኳል፤ መክፈት የእኔ ነው። ቀዩንም ከውስጥ የምታቋርጥበት አላት። የግቢው በርም ላይ አንድ ቁልፍ፣ ሳሎን ውስጥ አንድ መብራት።

ከማል አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ መብራት ሲጠፋ ይሄ ሁሉ አይሠራም። ምሕረት ትከሻዋን ሰበቀች። ሲጠፋ ሁላችንም እኩል ነን፣ ማንም ማንንም አያይም አለች። ስተረጉምለት ሳቀ።

ግድግዳው ወገብ ላይ ቀረ። ሳህሌ እንግዳው ድስቱን ይየው አለ።

የሳህሌ ትምህርት፦ «ዳኛ»፣ «ቅጣት ምት»፣ «ሌባ»። ጎረቤት ቤት ኳስ ሲያዩ የተማረው ነው። ሌላ ቃል ደግሞ አይይዝም። ትናንት ጨው አቀብዪኝ ማለት ፈልጎ ዳኛው ሌባ ነው አለኝ። ምሕረት እስክታነባ ሳቀች።

ስለ አ.አ. ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። አንዳንዴ ማታ ትቀር ይሆናል እላለሁ። ይህን ቤት እንዲህ ሠርታው እንዴት ትተወዋለች?


ሐምሌ 12፣ ሰኞ

ከማል ዛሬ ብቻውን አልመጣም።

ከኋላው አንዲት ልጅ፣ ሻሽ ያሠረች፣ ከምሕረት በለጥ የምትል። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ታናሽ እህቴ ዘይነባ ናት አለኝ፣ ከእንሴኖ አመጣኋት። ዓይኑን ከእኔ እያሸሸ፦ «እሷም እንደ ምሕረት ናት፣ ቲቸር። ከተወለደች ጀምሮ። ት/ቤት አልገባችም።»

ያን ቀን ሊለኝ የፈለገው ይሄ ነበር። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ምን ብዬ? አለ። እኛ ጋ ቤት ውስጥ ናት፣ በቃ፣ ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ምሕረትን ሳያት፣ ስትቆጣ እንኳ በእጇ ስትቆጣ ሳያት፣ ሌሊቱን ስለ እህቴ ሳስብ አደርኩ።

ምሕረት ሄዳ ሰላም አለቻት። ዘይነባ እጆቿን አየች እንጂ አልመለሰችም። ምሕረት ስሟን ጠየቀቻት። ምንም። ሞቅ ብላ ፈጠነች፣ ከዚያ ቀስ አለች፣ ከዚያ ቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ድንጋጤ ነው። ቋንቋ የሌለው የራሷ ዓይነት ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ከማል ለሥራ ያንጠለጠላት አንዲት አምፖል አለች። ምሕረት ወደ እሷ ጠቆመችና ብርሃን የሚለውን ምልክት አሳየቻት፣ ጣቶቿን ከላይ ወደ ታች ዘርግታ። ዘይነባ አየች። ራሷን ነቀነቀች። አይደለም! ጣቷን መዳፏ ላይ ጫር አደረገችና ነፋስ እንዳያጠፋው በእጇ ከለለችው። ክብሪት። ኩራዝ። የእነሱ ቤት ብርሃን እንዲህ ነው።

ምሕረት በደስታ ጮኸች። ድምፅ አውጥታ። ያንኑ ምልክት መልሳ አሳየቻት። ዘይነባ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች። ቋንቋ አላትማ! የሚመልስላት ነው ያጣችው።

ከዚያ ማን ያስቁማቸው? አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጠው። ውሃ፣ ላም፣ ዝናብ፣ እናት። ዘይነባ የራሷን ትሰጣለች፣ ምሕረት የእሷን ትሰጣለች። አንዱ ምልክት ላይ ምሕረት ተጠራጠረችና እኔን ጠራችኝ። ዘይነባ ጥርሷን ገልጣ የሆነ ነገር ነክሳ እንደምትስብ ታደርጋለች፣ ወደ ከማል ትጠቁማለች። ሽቦ ነው! ከማል ሽቦ የሚልጠው በጥርሱ ነው። ስሙ ነው። ለወንድሟ የራሷ ስም አውጥታለታለች።

ነገርኩት። ስም እንዳለህ ታውቃለህ? አልኩት። አያውቅም። ወደ ግድግዳው ዞረና ቱቦ የሚለካ መሰለ፣ ሜትሩን ግን አልዘረጋውም።


ሐምሌ 16፣ ዓርብ

ዘይነባ ከማል ጋ ሰነበተች። በየቀኑ ከእሱ ጋር ትመጣለች። ጓዳ የለንም፣ የምትገባበት ጠፋ።

ዛሬ ሳህሌ የእኔስ ስም ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። በራሱ እጅ፣ ሳያስተረጉመኝ። ምሕረት አመነታች፣ ከዚያ አሳየችው፦ የብየዳ መከላከያ ጭንብል ፊት ላይ ዝቅ ማድረግ። ገባው። ይቀየርልኝ አለ። ብዙ ስታወራ እቀይርልሃለሁ አለችው።

እየሞከረ ነው። እራት ላይ የዛሬውን ውሎውን ነገራት፣ የአንድ ሰው የግቢ በር ተጣሞ እንዴት እንዳስቸገረው። ምልክቱ ድብልቅልቁ ወጣ። ግማሹን በጠረጴዛው ላይ በሹካና በማንኪያ አሳየ። እሷ ግን እስኪጨርስ ጠበቀችው። አላረመችውም።


ሐምሌ 21፣ ረቡዕ

ለሳኞቹ ገቡ። ቱቦው ሁሉ ተቀብሯል፣ ሳጥኖቹ በወረቀት ተወትፈዋል ሲሚንቶ እንዳይገባባቸው። ከማል በየክፍሉ እየዞረ እንዳይሸፍኑበት ይጮህባቸዋል።

የሳሎኑ ጽሑፍ ዛሬ ተለሰነ። ሳህሌ ሠራተኛውን ቆይ ብሎ ጠመኔ አወጣ። ያጠፋው ቦታ ላይ ጻፈ፣ ጀርባውን ሰጥቶን። ምሕረት ሄዳ አነበበች። እኔ ስደርስ ለሳኙ ሲሚንቶውን ወርውሮበታል። ምን እንደነበር ሁለቱም አልነገሩኝም። አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኛል።


ሐምሌ 25፣ እሁድ

አንድ ነገር ከብዶኝ ነበር፣ ዛሬ ተነገረ።

ከቤ/ክ መልስ ምሕረት ሁለታችንንም በረንዳው ላይ አስቀመጠችን። አ.አ. እሄዳለሁ አለች። ቤቱን ትወደዋለች። አባቷ ማውራት መጀመሩን ትወደዋለች። ግን መማር አለባት፣ በደንብ፣ ሳይዘለልባት። ስትጨርስ መምህር መሆን ትፈልጋለች። እንደ ዘይነባ ላሉ። ዘይነባን ያየች ቀን ነው የወሰነችው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ትቀራለች ብዬ ተስፋ ያደረግኩ!

አለቀስኩ። ዓይኔን ጠረግኩ ደግሞ፣ ዓይኔ ሲጨልም የምትለው ያመልጠኛል።

ሳህሌ ነው የመለሰላት። ቀስ ብሎ፣ አንድ አንድ ቃል እየፈለገ። ሂጂ። ተማሪ። ቤቱ የአንቺ ነው። እኔ እዚህ ነኝ። «ነኝ» የሚለውን ተሳሳተ። ገባት።

ከዚያ የምትጨነቅበትን ተናገረች። እኔ ስሄድ ዘይነባ ወደ ጓዳዋ ልትመለስ ነው? ገና ጀመርን እኮ። ከማልም ሌላ ወሬ አምጥቷል፦ ከእንሴኖ ገበያ ማዶ አንድ ልጅ፣ እዚሁ ከተማ ደግሞ አንዲት፣ እንደ እሷ ያሉ። ሰዎቹ ሲሰሙ ቀስ እያሉ ይነግሩታል።

ሐሳቡ ከዘይነባ ሳቅ ጀምሮ ውስጤ ነበር። ሃያ ዓመት ፊደል አስተምሬያለሁ፣ ፊደል ለሚሰሙ። የፊቱን ክፍል አናከራየው አልኩ። ሳህሌ ቀና ብሎ አየኝ። ቆጣሪውን ተወው፣ አያስፈልገንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይነባ ትምጣ፣ ሌሎቹም ይምጡ፣ እናቶቻቸውም ይምጡ። ምሕረት እስክትሄድ ታስተምር፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ ልማር። ከመስከረም በኋላ እኔ እቀጥላለሁ። የማላውቀውን እየጻፍኩ እጠይቃታለሁ።

ምሕረት እጄን ያዘችው። እጄን ስትይዝ ሁለታችንም ዲዳ ነን፣ ደብተሬ።

ከሰዓት ከማልን አስጠርቼ ነገርኩት። የፊቱ ክፍል ገና አልተለሰነም፣ ይደረስበታል። ግራና ቀኝ መብራት፣ ማንም ጥላ ውስጥ እንዳይቀመጥ። ኢንሻአላህ ነገ ጠዋት እጀምረዋለሁ አለ። ዋጋ ሊነግረኝ አልፈለገም፣ ተጨቃጨቅን፣ ያሸነፈ የለም።

ሳህሌ እሁድ መሆኑን ረስቶ ብየዳ ቤቱን ከፈተ። ጠረጴዛ ሊሠራ ነው። ረጅም፣ እንደ ክፍል፣ እኔ ከፊት የምቆምበት ዓይነት ሊያደርገው ብረቱን ለክቶ ነበር። ክብ አድርገው አልኩት። ክብ ብረት ማጠፍ ልፋት ነው አለ። ነው። ግን ክብ ካልሆነ ከዳር ያለው የዳሩን እጅ አያይም።

አሁን እያጠፈው ነው። ድምፁ እስከዚህ ይሰማኛል።